አባቴ የውሃ ሽታ ሆነ፤ ሽማግሌ ማን ቤት ይምጣ?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂዋ 27 ዓመቷ ነው። እናቷ በህፃንነቷ ሞታባታለች። በ12 ዓመቷ አባቷ "ሚዛን ቡና ለቀማ ሠርቼ በሁለት ሳምንት እመጣለሁ" ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ያሳደጓት ሄርማታ አካባቢ እዚያው ኪራይ ግቢ ውስጥ የሚኖሩት ልብስ ሰፊው ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። እነሱ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን። አሁን እጮኛዋ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ስንት ዓመት ያልጠየቃት አጎቷ "ደሟ እኔ ነኝ፣ እኔ ቤት ይምጡ" ብሏል። ጋሼ ደግሞ "አጎትሽ ጋ ይሁን፣ እኔ አልሻማም" አሏት። "ጋሼን በአባቴ ቦታ ካስቀመጥኳቸው አባቴን በቁሙ የቀበርኩት አይሆንም ወይ?" ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም እዚያች ሰሃን ላይ ቆምኩ።

አባትሽ ከሄደ በኋላ ለወራት የእሱን እራት ከድነሽ ታስቀምጪ ነበር። ጠዋት ስትነሺ ሰሃኑ ታጥቦ ቦታው ተመልሷል። እትዬ ናቸው። አንድም ቀን "ተይ ልጄ፣ አይመጣም" አላሉሽም። አንድም ቀን ደግሞ "ይመጣል" ብለው አልዋሹሽም። ማታ ስትከድኚ ያያሉ፣ ጠዋት ያነሳሉ፣ በቃ።

የጥያቄሽ መልስ ግማሹ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አንቺ "ወይ እሱ ወይ እነሱ" ብለሽ ተጨንቀሻል። እነሱ ግን ከመጀመሪያውም እንደዚያ ብለው አላሳደጉሽም። አባትሽን እየጠበቅሽ ነው የወደዱሽ። ሃይማኖትሽንም እንደዚሁ። ፋሲካ ሲመጣ ጋሼ ዶሮ ገዝተው፣ ባርኮ የሚያርድ ክርስቲያን ጎረቤት ፈልገው፣ ለብቻው ድስት ያስጥዱልሽ እንደነበር የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ።

አሁን ስለ ሀዘንሽ። አገራችን ለሞት ሥርዓት አላት። ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይመጣል፣ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ። ሰው አብሮሽ ያለቅሳል፣ ከዚያ ደግሞ "በይ ተነሺ" ይልሻል። ለጠፋ ሰው ግን ምን አለን? ምንም። ማንም "ነፍስ ይማር" አላለሽም፣ ማንም "እንኳን በሰላም መጣልሽ" አላለሽም። 15 ዓመት ሙሉ መሃል ላይ ቆመሻል። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት የቤተሰብ ቴራፒስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የጠፉ አብራሪዎችን ሚስቶች አጥንታ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አወጣችለት። በእኛ አማርኛ "ያልለየለት እጦት" ልበለው። ከእሷ የተማርኩትና ለደንበኞቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር፣ ችግሩ የሚጠብቀው ሰው ላይ ሳይሆን ሁኔታው ላይ መሆኑን ነው። አእምሮሽ ጤነኛ ነው። የማይዘጋ ነገር ስለተሰጠው ነው መዝጋት ያቃተው። ስለዚህ "ሞቷል ወይስ አለ" የሚለውን ሳትወስኚ መኖር ትችያለሽ። ምናልባት ይመጣል፣ ምናልባት አይመጣም። ሁለቱንም ይዘሽ ማግባት ይቻላል።

እጮኛሽ ጅማ–አዲስ አበባ ሹፌር ነው። ግቤ ሲወርድ ስልኩ እንቢ ካለ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ 20 ጊዜ ትደውያለሽ፣ ሲመጣ ደግሞ ታኮርፊዋለሽ። እሱ "አታምነኝም" ብሎ ያስባል። አለማመን አይደለም። አንድ የምትወጂው ሰው "እመጣለሁ" ብሎ ቀርቶብሻል፣ ሰውነትሽ ያንን አልረሳም። ይህንን በግልጽ ንገሪው፣ ያውም ሲሄድ ሳይሆን ቡና እየጠጣችሁ ተረጋግታችሁ። ከዚያ አንድ ነገር ተስማሙ። ሲነሳ አንዴ፣ ሲደርስ አንዴ ይደውላል። በመሃል አትደውዪም። የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከባድ ይሆናሉ፣ አልዋሽሽም። እትዬ ጋ ሄደሽ ቁጭ በይ፣ ብቻሽን ስልክ ላይ አታፍጪ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። "አልሻማም" ሲሉሽ "አልፈልግሽም" ያሉሽ መስሎሻል፣ ከደብዳቤሽ ይታያል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው። ሳይጠሩ "አባቷ እኔ ነኝ" ቢሉ የጠፋ ሰው ቦታ የነጠቁ ይመስላቸዋል። እየጠበቁሽ ነው። ማሽኑ ሲቆም ጠብቂና እንዲህ በያቸው፦ "ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እርስዎ እንዲቀበሉልኝ እፈልጋለሁ። አባቴን ረስቼ አይደለም። ቢኖር ኖሮ አጠገብዎ ይቀመጥ ነበር።" ይህን ካልሽ በኋላ ምንም አትጨምሪ። እሳቸው ይናገሩ።

አጎትሽ ዘንድ ደግሞ ሄደሽ አስታውቂው እንጂ ፈቃድ አትለምኚ። በአክብሮት ጥሪው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጥ። ካኮረፈ ያኩርፍ። በህግም ቢሆን 18 ዓመት ካለፈሽ የማግባት ፈቃዱ የአንቺና የእጮኛሽ ነው። "ደም" የሚለውን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አገሩ ሁሉ ጉዲፈቻ የሚለው ቃል እኮ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው። የሰውን ልጅ እንደ አብራክ ልጅ አድርጎ ማሳደግ እዚያው ያደግሽበት ምድር ላይ ስም ያለው፣ የተከበረ ነገር ነው። የአንቺ ወረቀት የለውም፣ አውቃለሁ። 15 ዓመት ግን አለው።

አባትሽን መፈለግ ከፈለግሽም ማግባትሽ አይከለክልሽም። የቀይ መስቀል ማህበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው፤ ያንቺን ጉዳይ ይይዙት እንደሆነ ጅማ ያለው ቅርንጫፍ ሄደሽ ጠይቂ። ፍትሐ ብሔር ህጉ ደግሞ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲያውጅ መጠየቅ ይፈቅዳል። ይህ ግን ለውርስና ለመሳሰለው ነው። ልብሽ ካልፈለገ ማንም አያስገድድሽም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያንን እራት እትዬ ጠዋት ጠዋት የት ያደርጉት እንደነበር እስከ ዛሬ ጠይቄያቸው አላውቅም ብለሻል። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ጠይቂያቸው።