መልስ፦ የታይ ፓፓያ ሰላጣ ለምን ውሃ ያቁራል?

እህቴ፣ የሠራሽው ሶም ታም (የታይ ፓፓያ ሰላጣ) ሳህን ላይ ውሃ እያቋረ ፓፓያውም እየተልፈሰፈሰ ነው ብለሻል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ፓፓያው ላይ ነው። ልጣጩ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭ፣ ሲጫኑት ጠጣር መሆን አለበት። ውስጡ ወደ ብርቱካንማ ካዘነበለ ለዚህ አይሆንም፤ ለጁስ አድርጊው።

ለሁለት ሰው 300 ግራም ይበቃል። ልጠሽ፣ ፍሬውን አውጥተሽ በረጅሙ በቀጭኑ ክተፊው። በረዶ ባለው ውሃ 10 ደቂቃ ይቆይና በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቂው። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የቀረው ውሃ ግን ማጣፈጫውን ያቀጥነዋል።

በሙቀጫ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና 3 ደቃቅ የሚያቃጥል ቃሪያ ውቀጪ። ማቃጠሉ የሚወሰነው በአወቃቀጡ ነው፤ ሰንጠቅ ብቻ ካደረግሽው ለስለስ ይላል፣ ካደቀቅሽው ግን ይፋጃል። 1 የሾርባ ማንኪያ የዘንባባ ስኳር (ከሌለ ቡናማ ስኳር) ጨምረሽ እስኪሟሟ እሺው። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ (ከተብላላ ዓሣ የሚሠራ ጨዋማ ፈሳሽ) እና 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። እዚህ ላይ ቅመሺ፤ ጨው፣ ኮምጣጣና ጣፋጭ ሦስቱም ጎልተው መሰማት አለባቸው፣ ፓፓያው ሲገባ ይቀንሳሉና።

አጠር አጠር ተደርጎ የተቆረጠ ጥሬ ፎሶሊያ ቀጥቀጥ አድርጊ፤ 5 ትንንሽ ቲማቲም ለሁለት ከፍለሽ ጫን ብቻ። ፓፓያውን በመጨረሻ ጨምሪና በማንኪያ እያገላበጥሽ በዘነዘና ቀስ ብለሽ ምቺው። የተቆላ ለውዝና የደረቀ ሽሪምፕ ጣል አድርገሽ ወዲያው አቅርቢ። ጨውና ስኳሩ ከፓፓያው ውሃ ስለሚስቡ ከቆየ ማቆሩ አይቀርም፤ እንግዳ ካለሽ ማጣፈጫውን ለብቻ አዘጋጅተሽ ሲቀርቡ ቀላቅዪ።