እናቴ ቤት ስትለቅ ዕቃዋን ለማን እንስጥ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ልጆቿን ያሳደገችበትን ቤት ለቃ እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ነው። ቤቴ ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ ለዕቃዋ አይበቃም። እሷ «ሁሉንም ለቤተ ክርስቲያን ስጪልኝ» ትላለች፤ ብዙው ግን ያረጀ ነው። ያረጀ ነገር ለእግዚአብሔር ይሰጣል? ብሸጠውስ? አንዳንዱን ሳልነግራት ብጥል ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሳትነግሪያቸው ምንም አትጣዪ። ዕቃው የእርሳቸው ነው፤ ምጽዋቱም የእርሳቸው ነው። ሐዋርያው «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ» ሲል (2ኛ ቆሮ. 9፥7) ለሰጪው ነው የተናገረው። ላንቺ አፉ የተሸረፈ ጀበና ነው፤ እርሳቸው ግን ስንት የተጣላ ጎረቤት አስታርቀውበታል። ሳምንት ቢፈጅም አጠገባቸው ቁጭ በዪ። አንድ በአንድ እያነሳሽ «ይህን ለማን እንስጠው?» በያቸው። ሲደክማቸው ለነገ አቆዪው። «ይሄንስ ይዤው እሄዳለሁ» ካሉ እንደምንም ቦታ ፈልጊለት።

ማርጀቱ ነውር የለውም። ታጥቦ፣ ተሰፍቶ፣ ተጣጥፎ የተሰጠ ጋቢ ቢያረጅም ምጽዋት ነው። ለእንግዳ የማናቀርበውን የተሰነጠቀ ሰሃን ለድኃ መላክ ግን ነቢዩ ሚልክያስ የነቀፈው ነገር ነው። ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡ የነበሩትን፣ እስኪ ለገዥህ አቅርበው ይቀበልህ እንደሆነ ብሏቸዋል (1፥8)። እንዲህ ያለውን ለቁራሌው ስጪው። ሸጦ መመጽወትም በወንጌል የታዘዘ ነው (ሉቃ. 12፥33)፤ ስንት እንደተሸጠ ግን ለእናትሽ ንገሪያቸው።

«ሁሉንም ለቤተ ክርስቲያን» ያሉትን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሰበካ ጉባኤውን ጠይቂ። ማስቀመጫ ጠፍቶ ቁም ሣጥን ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው ማየት ያሳዝናል። ትልልቁ ድስት፣ ብርጭቆውና ወንበሩ ለሰንበቴ ቤት ይሆናል። ብርድ ልብሱና ጋቢው ግን ለአብነት ተማሪዎች ቢሄድ ደስ ይለኛል። እነዚህ ልጆች ጎጆ ውስጥ እያደሩ፣ ቁራሽ እየለመኑ ዳዊትና ቅኔ የሚማሩ ናቸው። የጎጃምና የጎንደር ደጋ ሌሊት ደግሞ አጥንት ይሰብራል። አልጋውንና ፍራሹን እንደ መቄዶንያ ያሉ አረጋውያንን የሚጦሩ ማዕከላት ይፈልጉት እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ። እናትሽ ይህ ለቤተ ክርስቲያን ከመስጠት ያነሰ እንዳይመስላቸው። ጌታ «ታርዤ አልብሳችሁኛል» ያለው ስለ እነዚህ ነው (ማቴ. 25፥36)።

ሥዕለ አድኅኖ፣ መስቀልና የጸሎት መጽሐፍ ግን ከሌላው ዕቃ ጋር አይቀላቀል። አይጣልም። የሚያነቡት ውዳሴ ማርያም አብሯቸው ይሂድ። የተቀዳደደውንና ሥዕሉ የጠፋውን ለንስሐ አባታቸው አስረክቢ፤ እርሳቸው በሥርዓቱ ያደርጉታል። የማኅበር ጽዋ እቤታቸው ካለ ደግሞ የማኅበርተኞቹ አደራ ነው። ከመልቀቃቸው በፊት ተረካቢው ይታወቅ።

ብዙዎቻችን የወላጆቻችንን ልብስ የምንመጸውተው ካረፉ ከ40 ቀን በኋላ ነው። አንቺ ትልቅ ዕድል አለሽ፤ እናትሽ በሕይወት አሉ። ለሠፈሩ ነዳያን የሚሰጠውን አንቺ አታድርሺላቸው፤ እቤት ጠርተሻቸው እናትሽ በገዛ እጃቸው ይስጡ፣ ምርቃቱንም በጆሯቸው ይስሙ። ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ የሚሄደው ጥቅል ላይ የክርስትና ስማቸውን ጻፊበት፤ የኔታና ተማሪዎቹ በጸሎት ያስቧቸዋል።