ጥያቄና መልስ፦ ጋዜጣ ያነሱት እናት

ሞኔ እና ማኔ አንድ ሰው ናቸው ወይስ የፊደል ስህተት? ሁለት ፈረንሳውያን ሠዓሊዎች ናቸው። ሁለቱም የምታነብ ሴት ሥለዋል፤ ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም።

ሌላ አንባቢ ፓሪስ ትሠራ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሜሪ ካሳት «ለ ፊጋሮ» የተባለውን የፓሪስ ጋዜጣ የምታነብ ሴት የሣለችበትን ሥዕል አይተው፣ ከሴቶች መብት ጋር ማያያዛችን አልዋጥላቸው ብሎ «አሮጊት ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከሴቶች መብት ጋር ምን አገናኘው? ታጋንናላችሁ» ይላሉ።

አንዳንዴ እናጋንናለን፤ እዚህ ግን አይደለም። ሥዕሉ የ1878 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የተቀመጡት የሠዓሊዋ እናት ካትሪን ናቸው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሴዛን በ1866 ጋዜጣ ያስያዘው አባቱን ነበር። የዚያ ዘመን ሠዓሊ ለሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣት ልብ ወለድ ወይም ደብዳቤ ነው። ካትሪን ግን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ቆንጥጠው፣ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለዋል። መጣችሁ አልመጣችሁ ጉዳያቸው አይደለም። በስተግራ ያለው መስታወትም ፊታቸውን ትቶ እጃቸውንና ጋዜጣውን ይደግማል። «ነጩ» ልብስ ጠጋ ሲሉት ግራጫና ሰማያዊ የተጋባበት ነው።

በፈረንሳይ ለልጃገረዶች የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሕግ የተፈቀደው በ1880 ነው። ባለትዳሯ በገዛ ደመወዟ ማዘዝ የቻለችው በ1907፣ የመምረጥ መብት ያገኘችው ደግሞ በ1944። እርግጥ ካትሪን አሜሪካዊት፣ ባላቸውም ባለጸጋ ነበሩ። ጋዜጣ ለማንበብ ፋታ ያገኙት ያን ነጭ ልብስ ሌላ ሰው ስለሚያጥብላቸው ነው፤ ሠራተኛዋ ግን ሥዕሉ ውስጥ የለችም።

«ሴቶቹ ሠዓሊዎች ለምን ሳሎንና አትክልት ቦታ ብቻ ይሥላሉ?» በሩ ስለተዘጋባቸው። የፓሪሱ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት የተቀበለው በ1897 ነው። የጨዋ ልጅ ካፌ ብቻዋን ተቀምጣ ንድፍ ብታወጣ ስሟ ይጠፋል። ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ ሞሪሶም በ1873 እህቷን ኤድማን ሣር ላይ አስቀምጣ ስታነብ ሣለቻት።

አንዲት እመቤት ከአያታቸው የወረሱት የዘይት ቅብ ቢጫ ሆኖባቸው «በግማሽ ሽንኩርት እሺው» ተብለዋል። ሽንኩርቱን ለወጥ ያድርጉት! ጭማቂው ቫርኒሹን (ቀለሙ ላይ የሚቀባውን ግልጽ መከላከያ) ያደበዝዛል፤ እርጥበቱ በስንጥቁ ገብቶ ቀለሙን ያላቅቃል። ቢጫው አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ቫርኒሽ እንጂ እድፍ አይደለም። ባትሪ ከጎን አብርተው ይዩት፦ የተነሳ ቅርፊት ከሌለ በደረቅና ለስላሳ ሰፊ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አቧራውን ብቻ ያራግፉ። ቅርፊት ካለ ምንም አይንኩት፤ ፊቱን ወደ ላይ አጋድመው ወደ ሥዕል ጥገና ባለሙያ ይውሰዱት። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ረግፎ የጠፋ ቀለም ተመልሶ አይገኝም።

«ስንት ያወጣል?» ላሉት፦ ገማች ይጠይቁ።