«አንክል ሳም» የማን አጎት ነው?

ጥያቄ፦ የአሜሪካን መንግሥት «አንክል ሳም» ሲሉት እሰማለሁ። ሳም የሚባል ፕሬዚዳንት ነበራቸው? ወይስ እንደኛ አባ ኮስትርና አባ ዳኘው የፈረስ ስም ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ሳም የሚባል ፕሬዚዳንት አልነበራቸውም። ስሙ የተገኘው ከሁለት ፊደላት ነው ተብሎ ይታመናል። «ዩናይትድ ስቴትስ» ሲያጥር «ዩ» እና «ኤስ» የሚባሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይቀራሉ፤ «አንክል» እና «ሳም» የሚሉት ቃላትም የሚጀምሩት በእነዚሁ ነው። በግዕዝ ፊደል አንዱ በ«ዩ» ሌላው በ«አ» ስለሚጻፍ ዝምድናቸው ይጠፋል። ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንቆቅልሽ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሰፊው የሚነገረው ታሪክ የሳሙኤል ዊልሰን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም ዊልሰን በኒው ዮርክ ግዛት በትሮይ ከተማ ሆኖ ለጦሩ ሥጋ በበርሜል ያቀርብ ነበር። የከተማው ሰው «አንክል ሳም» ይለዋል። በበርሜሎቹ ላይ የመንግሥት መሆናቸውን የሚያመለክቱ ሁለቱ ፊደላት ስለታተሙ፣ ሥጋውን «የአንክል ሳም ነው» አሉት ይባላል። የአሜሪካ ምክር ቤትም በ1961 ለዊልሰን እውቅና ሰጥቷል። ሆኖም ስሙ በ1810 በአንድ ወጣት የባሕር ኃይል ሰው ማስታወሻ ላይ ለመንግሥቱ ተጠርቶ ይገኛል፤ ይህም ከጦርነቱ በፊት ነው። ስለዚህ የዊልሰን በርሜል ስሙን አስፋፍቶት ይሆናል እንጂ አልወለደውም ብንል ይሻላል። ጣቱን ወደ ተመልካቹ የሚቀስረው ባለባርኔጣ ሽማግሌ ደግሞ በ1917 ለወታደር ምልመላ የተለጠፈ የጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግ ሥዕል ነው።

የፈረስ ስም ከዚህ ይለያል። እዚያ «አባ» ማለት አባትም መነኩሴም አይደለም፤ ባለቤት ነው። ፈረሱ ታጠቅ፣ ጌታው አባ ታጠቅ። ስሙም የአንድ ሰው ሀብት ነው፤ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሲያልፉ አባ ኮስትርነታቸው ለተተኪ ሹም አልተላለፈም። አንክል ሳም ግን ፕሬዚዳንት በመጣ በሄደ ቁጥር አይቀየርም፤ የመንግሥቱ እንጂ የሹሙ ስም አይደለምና።

ሲተረጉሙ «አጎቴ ሳም» አይበሉ፤ አንባቢው የጸሐፊው ዘመድ ይመስለዋል። «አንክል ሳም ግብር ጠየቀው» የሚል ካጋጠመዎ «የአሜሪካ መንግሥት ግብር ጠየቀው» ይበሉ። ቅጽል ስሙን መተው ካልፈለጉ በመጀመሪያው ቦታ «አንክል ሳም፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻውን ይበቃል።