ቅርፊቱ «ራሱን ይገጣጥማል» ወይስ «ይገጣጠማል»?

ጥያቄ፦ የቫይረስ ቅርፊት (የቫይረሱን የዘር መልእክት የሚይዘው የፕሮቲን ቀፎ) በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚገነባ በሒሳብ ሞዴል የሚያስረዳ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ቅርፊቱ ራሱን ይገጣጥማል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ይገጣጠማል» በል አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ይሻላሉ። እኔ ብሆን ግን ባለቤቱንም እቀይረዋለሁ።

«ራሱን ይገጣጥማል» ካልን ገጣጣሚው ቅርፊቱ ነው ማለት ነው። ገና ሳይገጣጠም ግን ቅርፊት የሚባል ነገር የለም። ያሉት የተበተኑ ፕሮቲኖች ናቸው። የሄፓታይተስ ቢን ቅርፊት እንውሰድ። ትልቁ ዓይነት 240 ፕሮቲኖች አሉት። መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ስለዚህ 120 ጥንዶች ናቸው። ጥንዶቹ ሲንሳፈፉ ይጋጫሉ፤ አንዳንዴም ይያያዛሉ። የሚያዛቸው የለም።

«ይገጣጠማል» ደግሞ ሁለት ፊት አለው። «መኪናው ተገጣጠመ» ሲባል ከጀርባው ሠራተኛ አለ። «ሐሳባችን ተገጣጠመ» ሲባል ግን ማንም አልገጣጠመውም። «ተ» ሁለቱንም ትሸከማለች። አንባቢዎ የመጀመሪያውን እንዳይዝ «ፕሮቲኖቹ በራሳቸው ተገጣጥመው ቅርፊቱን ይሠራሉ» ይበሉ። ልብ ይበሉ፣ «ራሳቸውን» ሳይሆን «በራሳቸው» ነው፤ ያለ ሌላ እጅ ማለት ነው። ነገሩም እውነት ነው፦ በ1955 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ፕሮቲንና አር ኤን ኤ (የዘር መልእክቱን የያዘው ሞለኪውል) ተለያይተው ከተጣሩ በኋላ ሲቀላቀሉ፣ ተክል የሚያጠቃ ቫይረስ ተመልሶ ተገኝቷል። አጋዥ ፕሮቲን የሚፈልጉ ቫይረሶችም አሉ። ስለነሱ ከጻፉ «በራሳቸው»ን ይተዉት።

የባለቤቱ ነገር ለሒሳቡም ወሳኝ ነው። እኩልታዎቹ የሚቆጥሩት በየቅጽበቱ ስንት ነጠላ፣ ስንት ሁለት የተያያዘ፣ ስንት ሦስት የተያያዘ ቁራጭ እንዳለ ነው። ቁራጮቹ ይገጣጠማሉ፤ መልሰውም ይላቀቃሉ። እባክዎ «ይላቀቃሉ» የሚለውን አይዝለሉት። ማያያዣው ደካማ ሲሆን በተሳሳተ ቦታ የተያያዘ ቁራጭ ተላቆ ቦታውን ያስተካክላል። በጣም ከጠነከረ ብዙ ቅርፊቶች በአንዴ ይጀመሩና ፕሮቲኑ ያልቃል። ያኔ የቀረው ሁሉ «ጅምር ቅርፊት» ነው። «የተሰበረ» አይበሉት፤ ሞልቶ አያውቅማ። በሴል ውስጥ ፕሮቲን ቀስ በቀስ መመረቱ ይህን ችግር ለመቀነስ ይረዳል፤ አዲስ የሚጀመረው ይቀንስና የተጀመረው የመሙላት ዕድል ያገኛል።

እኔን የሚያስደስተኝ ደግሞ ይህ ነው፦ «ተገጣጠመ» የሚለውን የሰጠን ሥር «አጋጣሚ»ንም «ግጥምጥሞሽ»ንም ሰጥቶናል። በዕድል መገናኘትና ልክክ ብሎ መግጠም በአማርኛ ዘመዳሞች ናቸው። ሞዴሉ የሚያሰላው ሁለቱንም ነው። እንዲህ ያለ ቃል በእጃችን እያለ ሌላ መፍጠር አያስፈልገንም።

አንድ ልጨምር። ጽሑፍዎ ውስጥ «ቅርፊት» እና «ሽፋን» እየተቀያየሩ ከሆነ ይለዩዋቸው። «ቅርፊት» የፕሮቲኑ ይሁን። ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ ብዙ ቫይረሶች ከዚያ በላይ የስብ ልባስ አላቸው፤ «ሽፋን»ን ለእሱ ያስቀምጡለት።