ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን የመጀመሪያ ግራቭል ብስክሌት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ብስክሌት ዓይንህ ገብቷል። አንዱ ቀለል ያለ፣ ማርሹ የተሻለ፣ ግን ከ35 ሚሊሜትር የሚሰፋ ጎማ አያስገባም። ሌላው ከበድ ይላል፣ ማርሹም ተራ ነው፤ ጎማ ግን እስከ 45 ሚሊሜትር ይቀበላል። መንገድህ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮረኮንች ነው። አንዳንዴም ድንኳን ጭነህ መውጣት ትፈልጋለህ። እኔ ብሆን ያለምንም ማመንታት ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

ማርሽ ይቀየራል፣ ኮርቻ ይቀየራል። ፍሬሙ የማያስገባውን ጎማ ግን ምንም ብታደርግ አታስገባውም። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ድንጋዩን የሚችልልህ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ሰፊ ጎማ አየሩን ቀነስ አድርገህ ትነዳዋለህ፤ መሬቱን ይይዛል፣ እጅህንም አያደነዝዝም። ጠባቡን አየር ስትቀንስለት ድንጋይ ሲመታው የውስጥ ጎማው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ይበሳል። እንዳይበሳ ጠጠር አድርገህ ስትነፋው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጥሃል። ዕቃ ሲጨመርበት ይብሳል። ፓራፋንጎ ልግጠም ካልክም ቦታ ይሻማል፤ 45 የተባለው ፍሬም ያኔ ጠበብ ያለ ጎማ ሊፈልግ ይችላል።

ማርሽን በተመለከተ ስሙን ተወውና ጥርሱን ቁጠር። የምትፈልገው ከፊት ያለው የትንሹ ማርሽ ጥርስ ከኋላ ካለው ከትልቁ ያነሰ እንዲሆን ነው። ለምሳሌ ሺማኖ የተባለው አምራች ለግራቭል የሚሠራው ጂአርኤክስ የሚባል ማርሽ ከፊት 46 እና 30 ጥርስ ያለው አለው። ከኋላ እስከ 34 ከሆነ ጭነህም ዳገት ትወጣለህ። ለአስፋልት የተሠሩት ብዙ ጊዜ ከፊት 50 እና 34 ናቸው። ባዶህን ስትሆን ችግር የለውም። ኮረኮንች ዳገት ላይ ከነጭነትህ ግን ተነስተህ ልርገጥ ስትል የኋላው ጎማ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ተቀምጠህ የሚያስወጣህ ማርሽ ያስፈልግሃል። ሶራ ወይም ክላሪስ (የሺማኖ ረከስ ያሉ ማርሾች) ነው ብለህ አትናቀው። አሠራራቸው ቀላል ነው፣ ይበረክታሉ።

ፍሬኑ ዲስክ ይሁን። በዘይት የሚሠራው ረጅም ቁልቁለት ላይ ጣት አያደክምም። በሽቦ የሚሠራውን ግን መንገድ ላይ ራስህ ታስተካክለዋለህ፤ ለጀማሪ በቂ ነው።

ዕቃ የምትጭን ከሆነ ፍሬሙ ላይና የፊት ሹካው ላይ የቡሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን ጎንበስ ብለህ እይ። ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ተረከዝ ነው። የብዙ ግራቭል ብስክሌት የኋላ ክፍል አጭር ስለሆነ ጎንና ጎን የሚንጠለጠል ትልቅ ቦርሳ ፔዳል ስትመታ ተረከዝህን ይነካል። ትንንሽ ቦርሳ ምረጥ፣ ወይም ወደ ኋላ ገፋ አድርገህ እሰረው። የአንድ ኪሎ የክብደት ልዩነት አሥር ኪሎ ዕቃ ስትጭን ትርጉም የለውም።

መጠኑ ካልሆነልህ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የአንዱ አምራች 54 ቁጥር ፍሬም ከሌላው 54 ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ሳትከፍል ውጣበት። እጅህን የፍሬን መያዣው አናት ላይ አድርግ። ክርንህ ዘና ብሎ ካልታጠፈና ትከሻህ ከተወጠረ ረዝሞብሃል፤ አነስ ያለውን ጠይቅ። ቁመትህንና የእግርህን የውስጥ ርዝመት እዚህ ጻፍልኝና የሁለቱንም የመጠን ሠንጠረዥ አብረን እንየው።