የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ የተማሪዎች ልውውጥ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሮተርዳም ነው። የኔዘርላንድስ ዜግነት ያላት ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ አንድ ሴሚስተር ስኮትላንድ ተምራ መመለስ ትፈልጋለች። የዩኒቨርሲቲዋ ጽሕፈት ቤት ግን «ከብሪታንያ ጋር የነበረን የኢራስመስ (የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ መርሐ ግብር) ውል አብቅቷል» አላት። አገር ከኅብረቱ ስለ ወጣ ብቻ የተማሪዎች ልውውጥ ይቋረጣል? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ከኅብረቱ መውጣት በራሱ ልውውጥን አያቋርጥም። ኖርዌይ፣ አይስላንድና ቱርክ የኅብረቱ አባላት ሳይሆኑ ድርሻቸውን እየከፈሉ በኢራስመስ ፕላስ (የኢራስመስ የአሁን ስሙ ነው) ይሳተፋሉ። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ብትወጣም በመርሐ ግብሩ መቆየት ትችል ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከኅብረቱ ጋር ያደረገችው የንግድ ስምምነት ሲቋጭ ግን የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት ወጪው ከብዷል ብሎ ተወው። እርግጥ ነው፣ ብሪታንያ ከምትልካቸው ተማሪዎች ይልቅ የምትቀበላቸው በእጅጉ ይበዙ ነበር፤ ይሁን እንጂ እነዚያ ወጣቶች ለዩኒቨርሲቲዎቿና ለከተሞቿ ያስገኙት ጥቅም በዚህ ስሌት ተገቢው ቦታ የተሰጠው አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ኢራስመስ ጥንካሬው ከሁለቱም ወገን መሥራቱ ነው፤ ተማሪው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ ሳይጠይቀው ይማራል፣ ለኑሮው ድጎማ ያገኛል፣ ያጠናቀቃቸው ኮርሶችም በራሱ ዩኒቨርሲቲ ይያዙለታል። ብሪታንያ በ2021 በምትኩ ያቋቋመችው የቱሪንግ መርሐ ግብር ወደ ውጭ የሚሄዱትን ብቻ ስለሚደጉም እንደ ልጅዎ ላሉ መጪዎች ምንም አይመድብም። ዌልስ ይህን ክፍተት አይታ በ2022 የሚሄዱትንም የሚመጡትንም የሚደግፈውን ታይዝ የተሰኘ መርሐ ግብር ጀመረች፤ ስኮትላንድን ግን አይመለከትም። በዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ቤተሰቡ የውጭ አገር ኑሮውን ሊሸፍንለት የማይችል ተማሪ ነው።

ልጅዎ ጽሕፈት ቤቱን ሁለት ነገር ትጠይቅ። አንደኛው፣ ዩኒቨርሲቲዋ ከስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በቀጥታ የተፈራረመው የልውውጥ ስምምነት መኖሩን ነው፤ እንዲህ ባለው ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ያለ ስምምነት በራሷ ብትመዘገብ ግን የውጭ አገር ተማሪ ክፍያ ይጠብቃታል። ሁለተኛው፣ የኢራስመስ ፕላስ ደንብ ለተማሪዎች ጉዞ ከሚሰጠው ገንዘብ እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ብሪታንያን ጨምሮ ከመርሐ ግብሩ ውጪ ወዳሉ አገሮች ለሚሄዱ ተማሪዎች ማዋልን ስለሚፈቅድ፣ ዩኒቨርሲቲዋ በዚህ ይጠቀም እንደሆነ ነው። ቆይታዋ ከስድስት ወር ካልበለጠ የተማሪ ቪዛ አያስፈልጋትም፤ ከመጓዟ በፊት ግን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ይኖርባታል።

ብሪታንያ በ2027 ወደ ኢራስመስ ፕላስ እንደምትመለስ በዲሴምበር 2025 ስለ ተገለጸ፣ ልጅዎ ጉዞዋን እስከዚያ ማቆየት ወይም ለማስተርስ ማሰብ ከቻለች በተሻለ ሁኔታ ልትሄድ ትችላለች። የልውውጥ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ጉዞው ወራት ሲቀሩት ስለሚዘጋ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ከአሁኑ ብታቀርብ ይበጃታል።